ለቁራሌው ሊሸጥ የነበረው የአባት ድምፅ

መቼም "ቁራሌው!" የሚለውን ጥሪ ሳይሰማ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ቁራሌው ይገዛል፤ እኛ እንሸጣለን። የተበሳ ድስት፣ የተሰነጠቀ ባልዲ፣ ድምፁ የጠፋ ራዲዮ... ሁሉም ጆንያው ውስጥ ይገባና ጉዞ ወደ ምናለሽ ተራ! ደንቡ ይኸው ነው።

እኔ ግን በ2016 ዓ.ም. አንድ እሁድ ጠዋት ይህ ደንብ ሲገለበጥ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። የሰፈራችን አንድ ወጣት ቁራሌውን መንገድ ላይ አስቁሞ ጆንያውን ያስፈታዋል። የሚሸጥ ነገር አልያዘም። ለካስ ገዢው እሱ ነው! ቁራሌው ግራ ገብቶት "ወንድሜ፣ የኔ ሥራ መግዛት እኮ ነው" ይላል። ደጃፍ ላይ ጀበና የጣዱ ሴቶች በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ልጁ ግን ደንታም አልሰጠው። ከጆንያው ውስጥ አንድ የሞተ የኮምፒዩተር ስፒከር መዞ አወጣ፣ ጆሮው ሥር አድርጎ ነቀነቀው፣ በመዳፉ መዘነው፣ ብሩን ከፍሎ እብስ አለ።

አብዷል እንዴ? እኔም እንደናንተ ጠርጥሬ ነበር። ተከትዬው ቤቱ ገብቼ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ስሰማ ግን ያፈርኩት እኔው ነኝ። ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ስሜን እንዳታወጣው። እማዬ ጋዜጣ ታነባለች።" እንግዲህ ስሙን ትቼ ሥራውን ላውጋችሁ።

ካሴቱ ይዞራል፣ ድምፅ የለም!

ነገሩ እንዲህ ነው። የወጣቱ አባት ለእንጀራ ብለው ጅዳ ሲኖሩ፣ በ1992 ዓ.ም. አንድ ካሴት ወደ ቤት ላኩ። ዘፈን እንዳይመስላችሁ። የካሴት ደብዳቤ ነው። ያኔ የውጭ ስልክ ኪስ ያራቁት ስለነበር፣ ብዙ ቤተሰብ ናፍቆቱን በካሴት እየቀዳ በሰው እጅ ይላላክ ነበር። አባት በኋላ አገራቸው ገቡ፤ ግን ብዙም አልቆዩ፣ በ2001 ዓ.ም. አረፉ። ልጁ ያን ጊዜ 10 ዓመቱ ነበር።

"መልኩን ፎቶው ላይ አየዋለሁ። ድምፁን ግን ረሳሁት። ሰው የአባቱን ድምፅ ይረሳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር" አለኝ፣ ዓይኑን ከያዘው ሽቦ ላይ ሳያነሳ።

ካሴቱ አለ። ቴፑም አለ፤ እናት ዳንቴል አልብሰው ቡፌው ላይ አስቀምጠውታል። ስፒናው ሲሰካ መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ይሠራል፣ ካሴቱ ይዞራል። ስፒከሩ ግን ጭጭ! ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ አንድ የቅርብ ዘመድ መጡና "ይሄን ሳጥን ለቁራሌው ስጡትና ቡፌው ይተንፍስ" ብለው ፈረዱ። እናትም እየከፋቸው እሺ ሊሉ ነበር። ያን ዕለት ማታ ልጁ ቴፑን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ለእናቱ ትንፍሽ ሳይል፣ ከቤት አወጣው።

"ጉሮሮው ነው የተዘጋው"

የወሰደው ዕድሜያቸውን ራዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ወደኖሩ አንድ የሰፈር አዛውንት ዘንድ ነው። ከፈቱት፣ በቴስተር ነካ ነካ አደረጉትና "ልጄ፣ ይሄ ቴፕ ጆሮው ይሰማል፤ ጉሮሮው ነው የተዘጋው" አሉት።

ጆሮ ያሉት ሄዱን ነው፤ ካሴቱን እየዳሰሰ የሚያነበውን። ሄዱ ከካሴቱ የሚያነሳው ኤሌክትሪክ ከአንድ ቮልት አንድ ሺኛ እንኳ ያነሰ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ያንን ትንሽ ከፍ አድርጎ ወደ ቮልዩሙ ይልከዋል። ከቮልዩሙ በኋላ ያለው የመጨረሻው አይሲ ደግሞ ስፒከር የሚያንቀሳቅስ ጉልበት ይሰጠዋል። የሞተው ይኸኛው ነው። በእሱ ልክ የሚተካ ደግሞ ተፈልጎ ጠፋ።

"ጋሼ፣ ታዲያ ተስፋ የለውም ማለት ነው?"

"ማን አለህ? የሞተውን አይሲ ነቅለህ ጣልና ድምፁን ከቮልዩሙ ላይ በሽቦ ጥለፈው። ከዚያ ከውጭ ሌላ ጉሮሮ ሥራለት።"

ሌላ ጉሮሮ ማለት አምፕሊፋየር ነው። ልጁ አዲስ ለመግዛት ሱቅ ገብቶ ጠይቆ፣ ዋጋውን ሲሰማ ቀስ ብሎ ወጣ። ችስታ ነዋ! እናም አዛውንቱ መከሩት። "ስትፈልገው የከረምከው በየሰው ቆሻሻ ውስጥ አለልህ።"

ቧንቧውና ታንከሩ

ብዙዎቻችን አምፕሊፋየር ድምፁን ራሱን የሚያሳብጥ ይመስለናል። አዛውንቱ ያስረዱት በቧንቧ ነው። የቧንቧውን እጀታ የምታዞሩበት ጉልበት ትንሽ ነው፤ የሚፈሰው ውሃ ግን ብዙ ነው። ውሃው ከጣታችሁ አልመጣም፣ ከታንከሩ ነው። አምፕሊፋየርም እንደዚሁ ነው። ደካማው የካሴት ድምፅ እጀታውን ያዞራል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከትራንስፎርመሩ ነው። ታንከሩ ባዶ ከሆነ እጀታውን ብትጠመዝዙት ምን ዋጋ አለው?

በነገራችን ላይ፣ ካርቶኑ ላይ "1000 ዋት ፒኤምፒኦ" የሚል ቴፕ ተሸክሞ እየተንጎራደደ ቤቱ የገባ ስንቱ ነው! ዞር አድርጋችሁ ጀርባውን ብታነቡት ከግድግዳ የሚስበው 20 ወይም 30 ዋት ሆኖ ታገኙታላችሁ። 30 ዋት ጠጥቶ 1000 ዋት የሚጮህ ዕቃ እስከ ዛሬ አልተወለደም። ፋራ አትሁኑ፤ ካርቶኑን ሳይሆን ጀርባውን አንብቡ።

ወደ ልጁ እንመለስ። አይሲውን ያገኘው ከአንድ ሚኒባስ ታክሲ ላይ ከተነቀለ የሞተ ቴፕ ነው። ቲዲኤ 2003 ይባላል፤ ለመኪና ራዲዮ የተሠራ፣ አምስት እግር ያለው ትንሽ ጥቁር ነገር ነው። አጃቢዎቹ ሦስት ሬዚስተርና አምስት ካፓሲተር ብቻ ናቸው። በ14 ቮልት አካባቢ ለ4 ኦም ስፒከር 6 ዋት ያህል ይሰጣል። ስድስት ብቻ? አትናቁት! ለአንድ ክፍል ቤት ጎረቤት የሚያስነሳ ነው። ቴፑ ስቴሪዮ ስለነበር አይሲው ሁለት ነበር። ሁለት መሆኑ ለምን እንደጠቀመው አሁን ታያላችሁ።

15 ሲባል 15 እንዳይመስላችሁ

ልጁ "15 ቮልት" የሚል የተጻፈበት ትራንስፎርመር ከአንድ አሮጌ ዕቃ ነቀለ። አይሲው እየሠራ የሚችለው እስከ 18 ቮልት ነው። 15 ከ18 ያንሳል። ታዲያ ምን ችግር አለ? ሳይለካ ስፒናውን ሰካው።

ጠቅ! አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ቀጭን ጢስ፣ ከዚያ ያ የማይረሳ ሽታ። "ሦስት ሳምንት የለቀምኩት ሁሉ በአንድ ሰከንድ! ካውያውን ወርውሬ ተኛሁ" ይላል።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ትራንስፎርመሩ ላይ የሚጻፈው የተለዋዋጩ ኤሌክትሪክ መጠን ነው። እሱ በአራት ዳዮዶች ተስተካክሎ ትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ሲጠራቀም፣ ካፓሲተሩ የሚይዘው የማዕበሉን ጫፍ ነው። ጫፉን ለማግኘት ደግሞ የተጻፈውን በ1.4 ማባዛት ነው። 15 በ1.4 ሲባዛ 21! ዳዮዶቹ አንድ ተኩል ያህል ቮልት ቢቀንሱለትም ከ18 በላይ ነው። አይሲው ምን ያድርግ? ሞተ።

ያን እሁድ ከቁራሌው ጆንያ የመዘዘው ስፒከር ምን ሊያደርግለት እንደነበር አሁን ገባችሁ? ስፒከሩን አልፈለገውም። የፈለገው ሆዱ ውስጥ ያለውን ባለ 12 ቮልት ትራንስፎርመር ነው። በመዳፉ የመዘነውም ለዚሁ ነው፤ ትራንስፎርመር ብረትና መዳብ ስለሆነ ይከብዳል። 12 በ1.4 ሲባዛ ወደ 17 ነው። በዚህኛው ጊዜ አይሲውን ሳያስገባ በቴስተር ለካ። 17 አለ፣ 18 አልደረሰም። የቀረችው አይሲ ደግሞ አንዲት ብቻ ነበረች።

"እምምም" የምትል እንግዳ

ሁለተኛው ሙከራ አልተቃጠለም። ግን ከዘፈኑ በፊት "እምምም..." የሚል ድምፅ መጣ፤ ንብ ቀፎ ውስጥ ጆሮ እንደማስገባት ነው። ይሄ የመብራት ኃይሉ የራሱ ድምፅ ነው። በግድግዳችን ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በቂ ካፓሲተር ካላገኘ ወይም ሽቦው በዘፈቀደ ከተዘረጋ በስፒከር በኩል ያንጎራጉራል።

መድኃኒቱ ሦስት ነበር። ከቮልዩሙ የሚመጣውን ሽቦ መረብ በለበሰ ገመድ ቀየረው። ትራንስፎርመሩን ከአይሲው አራቀው። የመሬት ሽቦዎቹን ሁሉ ደግሞ በየመንገዱ ከማገናኘት ይልቅ ትልቁ ካፓሲተር እግር ላይ አንድ ቦታ ሰበሰባቸው። ንቧ ዝም አለች።

አይሲው እንዳይግል ከሞተ ኮምፒዩተር ላይ የተነቀለ ክንፋም አሉሚኒየም ጀርባው ላይ አሰረለት። ስፒከሩን ከተጣለ ቴሌቪዥን አገኘ። መጀመሪያ ራቁቱን ቢያጫውተው ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ቀጠነ። ለምን? ስፒከር ወደፊትም ወደኋላም ይገፋል፤ ሳጥን ከሌለው የኋላው አየር ዞሮ የፊቱን ያጠፋዋል። መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ነው። የተሰበረ መሳቢያ አግኝቶ፣ ፊቱን በጣውላ ደፍኖ፣ ስፒከሩን ቢያስገባው ድምፁ ጎረምሳ ሆነ!

ፍቅረኛውስ? ትጠይቃላችሁ፣ አውቃለሁ። "በየሳምንቱ እሁድ ወይ እኔን ወይ ቁርጥራጭህን ምረጥ" ብላው ነበር። ለምን እንደሚለፋ ሲነግራት ግን መጥታ የእጅ ባትሪ ያዘችለት። አራዳ ናት!

እጅ የማይገባበት ሆድ

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን እናቁም። ይህ ልጅ ዛሬ በሕይወት ኖሮ ያወጋኝ አዛውንቱ አንድ ቀን እጁን በጥፊ ስለመቱት ነው። ትልቅ ካፓሲተር ፍለጋ የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ከፍቶ ጣቱን ሊያስገባ ሲል ነው የደረሱበት። "ስፒናው ተነቅሏል እኮ!" አላቸው። ስፒናው ቢነቀልም ውስጥ ያለው ካፓሲተር የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 310 አድርሶ ይዞት ሊቆይ ይችላል። ሰው ይገድላል። ትልቅ ጀርባ ያላቸው የድሮ ቴሌቪዥኖችማ የባሱ ናቸው፤ ምስል መስጫው መስታወት በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊያደፍጥ ይችላል።

ስለዚህ እናንተም ሙያው ካማራችሁ እነዚህን ከልባችሁ ጻፏቸው።

1. የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይና የድሮ ቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ። ከዚያ የምትፈልጉት ዕቃ ካለ ባለሙያ ያውጣላችሁ።

2. ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ ከግድግዳ የሚሠራ አምፕሊፋየር አትሞክሩ። ከ220 ቮልቱ የሚለያችሁ ትራንስፎርመሩ ነው።

3. ከቁርጥራጭ የማይለቀሙ ነገሮች አሉ። ስፒናው፣ የመብራት ገመዱ፣ ፊውዙና ትልቁ ካፓሲተር አዲስ ይሁኑ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ትራንስፎርመር በ220 ቮልቱ በኩል ሩብ አምፔር ገደማ ፊውዝ ይበቃዋል። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ መጠምጠም የሚባለውን የሰፈር ብልሃት እርሱት።

4. ኤሌክትሮላይቲክ የሚባለው ካፓሲተር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እግር አለው። በትክክል የቱ ፖዘቲቭ፣ የቱ ኔጌቲቭ እንደሆነ ሳታዩ አትበይዱ፤ ተገልብጦ ከገባ ይፈነዳል። አናቱ ያበጠ ካገኛችሁ ጣሉት። የተጻፈበት ቮልትም ከለካችሁት በላይ ይሁን፤ ለ17 ቮልት ባለ 25 ጥሩ ነው።

5. መጀመሪያ ስትሰኩ በ220ው መስመር ላይ አንድ የድሮ ባለ ክር ባለ 60 ዋት አምፖል በተርታ አስገቡ። ዘበኛ ነው። ውስጥ የተነካካ ሽቦ ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፣ ዕቃችሁ ይተርፋል። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ሰላም ነው። ልጁ ይህንን የተማረው ከመጀመሪያዋ አይሲ ቀብር በኋላ ነው። ያልተሸፈነ ሽቦ ካለ ግን ስፒናው ሳይነቀል አትንኩ።

6. ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት በአንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ነካ አድርጉት። "ጠክ" ካለ በሕይወት አለ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ኦምም አንብቡ።

7. ስትበይዱ መስኮት ክፈቱ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ። ሊዱ ውስጥ ያለው እርሳስ ከእንጀራ ጋር አይበላም።

ያቺ ማታ

አምፕሊፋየሩ አልቋል። ቴፑ ዳንቴሉን ለብሶ ቡፌው ላይ ተመልሷል፤ ከጀርባው ቀጭን ገመድ ወጥቶ መሳቢያ ወደነበረው ሳጥን ይሄዳል። እናት እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቴፑ "ለጽዳት" መሄዱን እንጂ ሌላ አያውቁም።

ካሴቱ ግን ከ20 ዓመት በላይ የቆየ ነው። የመጀመሪያው መስሚያ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዛውንቱ ሄዱን በአልኮልና በጥጥ ጠረጉት፣ የላላውን ላስቲክ በአዲስ ቀየሩት። ልጁ ካሴቱን በእስክሪብቶ ቀስ እያለ እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ መልሶ አመጣው፤ ለዓመታት የተጣበቀው ክር እንዲላቀቅ። መጀመሪያ የገባው የአባት ካሴት አይደለም። ቢበላም የማያሳዝን አንድ ተራ ካሴት አስገቡ። አልበላውም። ፍቅረኛው ደግሞ ከሁሉም በላይ የሆነውን አስታወሰች። "ከመስማታችሁ በፊት ስልኬ ይቅዳ!" አለችና ስልኳን ከስፒከሩ ፊት አቆመች፣ መስኮቱን ዘጋች።

ከዚያ የአባት ካሴት ገባ።

መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ነፋስ። ከዚያ የጉሮሮ መጥረግ። ከዚያ አንድ ወፍራም፣ ያልቸኮለ የሰው ድምፅ ቤቱን ሞላው። ስለ ጤና ጠየቀ፣ ስለ ቤት ኪራይ ጠየቀ፣ ስለ ገንዘቡ መድረስ ጠየቀ። ቀጥሎ "ልጁስ? መራመድ ጀመረ? ስመጣ እንዳይፈራኝ፣ ድምፄን እንዲለምደው ይቺን ካሴት አሰሚው" አለ።

ልጁ ቮልዩሙን እንደያዘ ቀረ። "ድምፁን ረሳሁት ብዬህ አልነበር? አልረሳሁትም። ገና ሲጀምር አወቅኩት" ብሎኛል።

እናትስ? አላለቀሱም። ነጠላቸውን ጥብቅ አድርገው ትንሽ አዳመጡና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ቀንሰው፣ የኔ ልጅ" አሉት። "እንዲህ ጮክ ብሎ አይናገርም ነበር።"

ቀነሰው።

አንባቢዎቼ፣ በየቤታችን ቡፌ ላይ፣ በየአልጋው ሥር፣ በየካርቶኑ ውስጥ ስንት የካሴት ደብዳቤ አለ? ካሴት እንደ ወይን ሲቆይ አይጥምም፤ ይላላል፣ ይሻግታል፣ ይበጠሳል። አምፕሊፋየር መሥራት የግድ አይደለም። ከሰፈራችሁ አንድ ቴፕ ጠጋኝ አታጡም። ግን ዛሬውኑ አውጡት፣ አስጠርጉት፣ በስልካችሁ ቅዱት። ቁራሌው በየሳምንቱ ይመጣል፤ ያ ድምፅ ግን አንዴ ከሄደ ከምናለሽ ተራ ተፈልጎ አይገኝም።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ያሰማን!